ስድስት መቶ መስመር፣ ዘጠኝ ቀን

መስከረም 9

ለማከብርዎና ለምወድዎ ጋሼ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሬዲዮ ዜና አንባቢው ጋር ያለዎት ጠብ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኔ እዚህ ሰው አገር ደህና ነኝ፤ ናፍቆትዎ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ስልክ ያልደወልኩት ለምን እንደሆነ ያውቁታል። ከሦስት ደቂቃ በላይ አውርተን ሳንጣላ ቀርተን አናውቅም። በወረቀት ግን እርስዎም ይታገሣሉ፣ እኔም የጀመርኩትን እጨርሳለሁ።

ሦስት ሆነን የሠራነው ቪዲዮ ጌም አለቀ። ታሪኩን እማዬ ነግራዎት ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ቁምሳጥን ተሸክመው ጠባብ ደረጃ ይወጣሉ፤ አንዱን ጫፍ አንድ ተጫዋች፣ ሌላውን ጫፍ ሌላው ይይዛል። በየፎቁ ጎረቤት ብቅ እያለ ይቆጣል። ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶብናል። አይሳቁ።

አሁን የቸገረን አሻሻጡ ነው። ሰው ጌም የሚጫወትበት ማሽን ብዙ ዓይነት ነው፤ ተራ ኮምፒውተር አለ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ የየኩባንያው ማሽን አለ። ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዱ ጠራንና «ለእኛ ማሽን ብቻ ስጡን፤ የአንድ ዓመት ኪራይና ደሞዛችሁን እንችላለን፣ ማስታወቂያውም በእኛ» አለን። እምቢ ካልን በሁሉም ማሽን እንሸጣለን፤ ግን የሚያስተዋውቀን የለም፣ የያዝነው ገንዘብም ከአራት ወር አያልፍም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነችው ሠዓሊያችን «እንፈርም» ይላል። ድምፅ የምትሠራው ጓደኛችን «በሁሉም እንሽጥ፤ ሰው ራሱ ያገኘናል» ትላለች። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን ያያሉ። መልስ የምንሰጠው እስከ ኅዳር 12 ነው። ከተሳሳትን ሁለተኛ ጌም አንሠራም፤ በሩን ዘግተን እንበተናለን።

ስድስት መቶ መስመር ያለው ዝርዝር አብሬ ልኬያለሁ። የትኛው ጌም በየትኛው ማሽን ስንት ቅጂ እንደተሸጠ ይናገራል። ሃያ ስድስት ዓመት ሕዝብ ሲቆጥሩ ኖረዋልና ይኼን ይቁጠሩልኝ። ለአንድ ማሽን ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም፣ የትኛው ይሻላል?

ጉልበትዎን ስሜ፣
ሩጤዎ


መስከረም 27

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሩጤ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ጤና ነኝ። ጉልበቴ እንደ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲመቸው ይሠራል። ከዜና አንባቢው ጋር አልታረቅንም። ትናንት «በአማካይ አብዛኛው ሰው» አለ። አማካይና አብዛኛው ምን አገናኛቸው? ሬዲዮውን ዘጋሁት። እናትሽ «ቤቱ የሁለታችን ነው» ብላ መልሳ ከፈተችው።

ደብዳቤሽ አናደደኝ። ቁምሳጥን ደረጃ ለማውጣት ሁለት ዓመት ተኩል የፈጀበት ሰው አላየሁም፤ ሁለት ተሸካሚ ብትቀጥሪ ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር። እሱን ግን ትቼዋለሁ። ያናደደኝ «የትኛው ይሻላል» ማለትሽ ነው። ለማን? በስንት ጊዜ ውስጥ? ይህን ዝርዝር ማን ሰበሰበው? በቅናሽ የተሸጠው በሙሉ ዋጋ ከተሸጠው ጋር አብሮ ተቆጥሯል? አንድም ቅጂ ያልተሸጠላቸውስ የት አሉ? የሞተ ሰው ቆጣሪ ሲመጣ በር አይከፍትም። ያልተሸጠ ጌምም እንደዚያው ነው፤ አልተመዘገበም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። አንቺ ደግሞ የእኔ እህት ልጅ ነሽ።

ለአንድ ማሽን ብቻ የሚሸጠውን ባለ አንድ በር፣ በብዙ ማሽን የሚሸጠውን ባለ ብዙ በር ብዬዋለሁ፤ በየመስመሩ ያን ሁሉ ቃል ከምጽፍ።

ከሥራ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ስለሆነኝ ጊዜ የለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ወረቀቱን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። እናትሽ የስፌት መኪናዋን ይዛ መስኮቱ ሥር ተሰዳለች። ለጥያቄዎቼ መልስ ላኪ። ራስሽን ጠብቂ፤ ምሳ ሳትበዪ አትዋዪ።

አጎትሽ


ጥቅምት 10

ለውድ ጋሼ፣

ቁጣዎ በሰላም ደረሰኝ፤ አንድ ፊደል አልጎደለበትም። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ለባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። የሞተ ሰው በር አይከፍትም የሚለውን ሠዓሊው ግድግዳው ላይ ጽፎታል። ድምፅ የምትሠራዋ «እኚህን ሰው እንቅጠራቸው» ብላለች፤ «ከቀጠርናቸው ያባርሩናል» አልኳት።

መልሴ ይኸውልዎ። ዝርዝሩን የሰበሰበው የጌም ወዳጆች ማኅበር ነው፤ ሻጮች ካወጡት ቁጥር ቃርመው። ቅናሹም ሙሉውም አብሮ ነው። ከአንድ ሺህ ቅጂ በታች የተሸጠ አልገባም፤ በዚህ እውነት አለዎት።

አሁን እኔ ልለምን። ትናንት እማዬን በስልክ እየመራሁ የሙከራ ቅጂውን ኮምፒውተሯ ላይ ጫንኩላት። አብረዋት ይጫወቱ። ብቻዋን ሁለቱንም ጫፍ ልትይዝ እየሞከረች ከደረጃው ትወድቃለች።

አንድ ነገር ደግሞ። እርስዎ «ከሥራ ወጣሁ» ብለው ጽፈዋል። እማዬ «አስወጡት» ትላለች። አልጠይቅም። ሊነግሩኝ ሲፈልጉ ግን ጆሮ አለኝ።

ሩጤዎ


ጥቅምት 25

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽን እመኛለሁ፤ የባልደረቦችሽንም፣ የሠዓሊውን ሚስት ጭምር።

ተጫወትን። እኔ የላይኛውን ጫፍ ያዝኩ፣ እናትሽ የታችኛውን። «ዝቅ በል» ትለኛለች። «እኔ ዝቅ ብያለሁ፣ አንቺ ነሽ ከፍ ያልሽው» እላታለሁ። «ወንድሜ፣ በሕይወትህ አንድ ቀን ዝቅ ብለህ አታውቅም፣ ዛሬ ሞክረው።» ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያቺ በመጥበሻ የምትቆጣው ሴትዮ ስትወጣ እናትሽ ሳቀች፤ ቁምሳጥኑም እኛም እስከ ምድር ቤት ተንከባለልን። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ጌምሽ ጥሩ ነው። ከዚህ በላይ አታስለፍልፊኝ።

ወደ ውጤቱ። ከስድስት መቶው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ባለ አንድ በር፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንቱ ባለ ብዙ በር ናቸው። ባለ አንድ በሩ በአማካይ አርባ አንድ ሺህ ቅጂ ተሸጧል፤ ባለ ብዙ በሩ ሃያ ሦስት ሺህ። እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ ባለሱቅ የራሱ ብቻ የሆነውን ዕቃ ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የጋራውን ሌላውም ያስተዋውቅለታል ብሎ ይተወዋል።

ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ሦስት ጊዜ የደመርኩት ቁጥር ተሳስቶ አያውቅም። ድምፅ የምትሠራውን ልጅ «ሰው ራሱ ያገኘናል» የሚል አኃዝ የለም በያት። ፈርሚ።

አጎትሽ


ኅዳር 11

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጥቅምት 25 በላክሁት ስሌት ላይ ስህተት ተገኝቷል። እንደሚከተለው ታርሟል።

አንድ ጌም በሦስት ማሽን ከተሸጠ ዝርዝሩ ላይ ሦስት መስመር ይዟል፤ እያንዳንዱ መስመር የአንዱን ማሽን ሽያጭ ብቻ ይናገራል። እኔ መስመሩን ሁሉ እንደ አንድ ጌም ቆጥሬዋለሁ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንቱ መስመር ሲሰበሰብ መቶ ሠላሳ ስምንት ጌም ብቻ ነው። የየጌሙ ሽያጭ አንድ ላይ ሲደመር የባለ ብዙ በሩ አማካይ ወደ ስድሳ አምስት ሺህ ይደርሳል። ባለ አንድ በሩ እዚያው አርባ አንድ ሺህ ላይ ነው። ውጤቱ ተገልብጧል።

ያየችው እናትሽ ናት። የሰፋችውን የተማሪዎች ዩኒፎርም አስረክባ በመጣች ዕለት ጠረጴዛውን ልታስለቅቅ ወረቀቱን ስታነሣ «ይኼ ስም እዚህም አለ፣ እዚህም አለ፣ እዚህም አለ» አለችኝ። «አንድ ጌም ነው፣ በሦስት ማሽን የተሸጠ» አልኳት። «ታዲያ ለምን ሦስት አድርገህ ቆጠርከው? እኔ አንድ ቀሚስ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ ብሰፋ ሦስት ዓይነት ቀሚስ ሰፋሁ እላለሁ?»

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለመጫወት ስንከፍት «ይህ ጌም ከእንግዲህ በዚህ ማሽን አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ለእናትሽ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብያታለሁ።

አጎትሽ


ጥር 5

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር ከምናምን ሆነ። አራት መልስ ጀምሬ አራቱንም ቀድጃለሁ። ይኼ አምስተኛው ነው፤ ወረቀትም እያለቀብኝ ስለሆነ እልከዋለሁ።

«ፈርሚ» ያሉበት ደብዳቤዎ ኅዳር 7 ደረሰኝ፤ ኅዳር 8 ፈረምኩ። ድምፅ የምትሠራዋን ያሳመንኳት ወረቀትዎን ፊቷ ላይ ዘርግቼ ነው። ውሉ በሌላ ማሽን ያለው ቅጂ ሁሉ ይዘጋ ስለሚል ኅዳር 11 ቀን ዘጋሁት። ከሚዘጉት አንዱ የእማዬ ኮምፒውተር እንደሆነ እያወቅሁ፣ በገዛ እጄ።

ጌሙ ታኅሣሥ 1 ወጣ። በመጀመሪያው ወር አሥራ አራት ሺህ ቅጂ ተሸጠ፤ ኩባንያው የጠበቀው አርባ ሺህ ነበር። ማስታወቂያውን አንድ ሳምንት ሠርተው ወደ ሌላ ዕቃ ዞሩ። አልራበንም፤ ኪራዩም ተከፍሏል፤ የሠዓሊው ሚስትም ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ግን በየቀኑ ሰው ይጽፍልናል። «በእኔ ማሽን መቼ ይመጣል?» ይላሉ። ለሁሉም «አይመጣም» ብላ የምትመልሰው ድምፅ የምትሠራዋ ናት። አንድ ቀን እንኳ «ብያችሁ ነበር» አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ፣ በስህተቱ አልተቆጣሁም። ዝርዝሩን የላክሁት እኔ ነኝ፤ እኔም አላየሁትም፤ ሠዓሊውም አላየም። ጌም የምንሠራው ሦስታችን ያላየነውን እማዬ በአንድ ጊዜ ንባብ አየችው። እሱ ያስቃል፤ ስቀናልም።

የተቆጣሁት በሌላ ነው። እማዬን ዩኒፎርሙን መቼ እንዳስረከበች በስልክ ጠየቅኋት። ኅዳር 2 ነው። የእርስዎ ደብዳቤ የተጻፈው ኅዳር 11 ነው። ቀን ከቀን ማስተያየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስፈርም ስህተቱን ካወቁ ስድስት ቀን ሆኖዎታል። በስልክ እንጣላለን አልኩ እንጂ ስልክ የለንም አላልኩም። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምን ሲያደርጉ ነበር? «ስህተት ተገኝቷል» የሚል ደብዳቤ አልፈልግም። እሱን ለመሥሪያ ቤት ይጻፉት።

አንድ ሥራ ደግሞ አለ። ኩባንያው ውሉን ለሁለተኛ ዓመት እናራዝመው ብሎናል፤ እስከ መጋቢት 15 መልስ እንሰጣለን። ካላራዘምን በሚመጣው ኅዳር በሩ ሁሉ ይከፈታል፤ የኩባንያው ገንዘብም ይቆማል። እንደገና ይቁጠሩልኝ። የምጠይቀው አሁንም እርስዎን ነው። ግን ከእማዬ ጋር ተቀምጣችሁ።

እወድዎታለሁ፤ ተናድጄም እወድዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 23

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም፤ ግን ጤና ሁኚ። ለተወለደችውም ዕድሜ ይስጣት።

የጠየቅሽኝን እነግርሻለሁ። ኅዳር 2 እናትሽ ያን ስትለኝ «አንቺ ስፌትሽን ስፊ» አልኳት። ክፍሌን ዘግቼ እንደገና ቆጠርኩ፤ ገና ሳይመሽ እሷ ልክ እንደሆነች አውቄ ነበር። በማግሥቱ ጥፋተኛው ዝርዝሩን ያዘጋጀው ማኅበር ነው ብዬ አራት ገጽ የወቀሳ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። አልላክሁትም፤ የዝርዝራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ «እያንዳንዱ መስመር የአንድ ማሽን ሽያጭ ነው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሳላነበው ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር 4 ስልኩን አንሥቼ ቁጥርሽን አንድ አኃዝ እስኪቀረው ድረስ መታሁ። ዘጋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ የፖስታውን ቀን አሰላሁ፤ የተሳሳተው ደብዳቤዬ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ሦስት ቀን አለኝ አልኩ። ስሌቱ ትክክል ነበር። እየሸሸሁም ስሌት አልተውኩም።

ኅዳር 6 የውኃ ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ባለፈው ወር ቆጣሪያችንን አሳስቶ አንብቦ ኖሯል። ደጃፉ ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ጮህኩበት። «ስህተትህን ስታውቅ ወዲያው መጥተህ ለምን አትናገርም?» አልኩት። «አባቴ፣» አለኝ፣ «ለእሱ እኮ ነው የመጣሁት።» ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን መደወል ነበረብኝ፤ ገና ሁለት ቀን ነበረን። አልደወልኩም።

ከኅዳር 7 በኋላ ያለውን አሳጥሬ ልንገርሽ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ አውቄያለሁ፤ ሰው ታማክራለች፣ ቸኩላ አትፈርምም አልኩ። ሩጤ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ሆኜ። ኅዳር 10 እናትሽ «ነገርካት?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። በማግሥቱ ጌሙ አልከፈት አለ፤ ኮምፒውተሩ ነው ብዬ ሁለተኛ ዋሸኋት። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፍኩ። የሚያድንሽ ጊዜ ካለፈ በኋላ መጻፍ አልከበደኝም።

ለምን ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። ከቢሮው ያስወጡኝ አንድ ቁጥር አላጠጋጋም ስላልኩ ነው። ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ለአንቺ ብቻ አልነገርኩም፤ አንቺ ትጠይቂኛለሽ። እውነቴን ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተነሥቼ የምለብሰው እሱኑ ብቻ ነበር፤ ሌላው ይሳሳታል፣ እኔ አልሳሳትም። ያንን አውልቄ ልደውልልሽ አቃተኝ። ዘጠኝ ቀን አንቺን ሳይሆን ራሴን ጠበቅሁ። ይቅር በይኝ።

ለእናትሽ ደብዳቤሽን አንብቤላታለሁ፤ ሁለቱን ውሸቶቼንም ነግሬአታለሁ። ስፌቷን አላቆመችም። እጅጌውን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና «ለእኔ መዋሸት ልማድህ ነው፣ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለእሷ ግን ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን የስፌት ማስመሪያዋን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። «በል አምጣው» አለችኝ።

አሁን እየቆጠርን ነው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። በሁሉም በር ብትሸጪ ኖሮ ስድሳ አምስት ሺህ ትሸጪ ነበር አልልሽም። ከባለ ብዙ በሮቹ ውስጥ ሁለት መቶ ሠራተኛ ያላቸው፣ ከተማ ሙሉ ማስታወቂያ የሚሰቅሉ አሉ፤ እነሱ በአንድ በርም ቢሆን ብዙ ይሸጡ ነበር። የሸጥሽውን አሥራ አራት ሺህ እናውቃለን። ያልሄድሽበት መንገድ ስንት ይሸጥ እንደነበር ግን ማንም አይቆጥርልሽም፤ እኔም። ስለዚህ በሦስትና በአራት ሰው የተሠሩትን ብቻ ለይተን እያወጣን ነው። በየማሽኑ መቼ እንደወጡም እናያለን፤ በአንድ በር ጀምረው ከዓመት በኋላ ሌላውን የከፈቱ አሥራ ዘጠኝ አግኝተናል። ለአንቺ የሚጠቅሙሽ እነሱ ናቸው።

እኔ ስሙን አነባለሁ፣ እሷ ማስመሪያውን መስመሩ ላይ አድርጋ በስፌት ጠመኔዋ ምልክት ታደርጋለች። አትቸኩልም። በቀን ከሠላሳ መስመር በላይ አታሳልፈኝም። «ዓይንህ ሲደክም አፍህ ይቀድማል» ትለኛለች። ከመጋቢት 15 በፊት በእርግጥ ይደርስሻል፤ የምትነግርሽም እሷ ናት፣ በስልክ። እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ ልትጮሂብኝ ከፈለግሽ ስልኩን ትሰጠኛለች።

ትናንት መቶ አሥራ ስድስተኛው መስመር ላይ ደርሰን «ይኼን ቆጥረነዋል፣ ቀጥዪ» አልኳት።

«ተመለስ» አለችኝ።

ተመለስኩ። አልቆጠርነውም ነበር።

አጎትሽ